ጨዋታ በቃል ያስያዙት መምህር፦ የመምህር ዕንባቆም ተክለ ጊዮርጊስ የሕይወት ታሪክ

መምህር ዕንባቆም ተክለ ጊዮርጊስ ከአባታቸው ከየኔታ ተክለ ጊዮርጊስ ገብረ ኢየሱስና ከእናታቸው ከወይዘሮ እንኳየሁ ደመቀ በጥር ወር 1956 ዓ.ም. በእንፍራንዝ ተወለዱ። የኔታ የቅኔ መምህር ነበሩ። መምህር ዕንባቆም ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ስለሆኑ፣ እኛ ከኋላቸው የመጣነው ታናናሾቻቸው ስማቸውን ጠርተን አናውቅም፤ አያ እንላቸዋለን። ዛሬ ግን ወጉ ነውና መምህር ዕንባቆም እያልን እንቀጥላለን። መሐል ላይ አያ የሚል ቢያመልጠን እርሳቸውም ይቅር ይበሉን፣ እናንተም።

የኔታ በ1961 ዓ.ም. በጎንደር ከተማ ካሉት አድባራት በአንዱ ጉባኤ ዘርግተው እንዲያስተምሩ በመጠራታቸው ቤተሰቡ ወደ ጎንደር መጣ። መምህር ዕንባቆም ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ ገና በልጅነታቸው ከአባታቸው እግር ሥር ለቅኔ ተቀመጡ። እውነቱን ለመናገር ቅኔው አልሆነላቸውም። በቅኔ ቤት ተማሪው በየቀኑ አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ የትናንቱን ይዞ የሚመጣ መሳቂያ ይሆናል። የአያ ችግር የራሳቸውን ከመቁጠር ይልቅ የጓደኞቻቸውን መውደዳቸው ነበር። አንዱ ተማሪ ሸጋ ጉባኤ ቃና የተናገረ እንደሆነ፣ እርሳቸው ሳምንቱን ሙሉ እሱን ሲሉ፣ ይህን የተናገረ እገሌ ነው እያሉ ለመንገደኛው ሁሉ ሲያወሩ ይሰነብታሉ። ባለቤቱ ራሱ የረሳው ቅኔ እርሳቸው ዘንድ ይገኛል። የኔታም በመጨረሻ፣ ይህ ልጅ ጎተራ እንጂ ማሳ አይሆንም ብለው ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ላኳቸው።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ክፍል እየዘለሉ በጎንደር ተከታትለው በ1974 ዓ.ም. አጠናቀቁ። ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ሄደው በሒሳብ ትምህርት በዲፕሎማ ተመረቁ፤ ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮም በድብ ባሕር አስተማሩ። በ1983 ዓ.ም. በዚያው በጤና ረዳትነት ትሠራ ከነበረችው ከወይዘሮ ብርቱካን አበራ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሕሊናንና ዝማሬን አፍርተዋል። ወይዘሮ ብርቱካን ስለዚያ ጊዜ ስታወራ እስከ ዛሬ ትስቃለች። መምህር ዕንባቆም ሊያነጋግሯት በመጡ ቁጥር የሚያወሩት ስለ ሌላ ሰው ጉብዝና ስለነበረ፣ የሚያጯት ለራሳቸው ይሁን ለሌላ ግራ ገብቷት እንደነበር ትናገራለች። ከዚያ ቀን አንሥቶ ቤቷ የሌላ ሰው ጉብዝና ሲነገርበት ኖሯል፤ እርሷም ችላ ኖራለች።

በ1988 ዓ.ም. በጎንደር ከተማ ወደነበረ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ ተዛወሩ። ለማሠልጠኛው በዚያው ዓመት በእርዳታ የመጡ አሮጌ ኮምፒውተሮች ደረሱት። የሚያውቃቸው ሰው ስላልነበረ፣ የሒሳብ መምህር ምን ይሳነዋል ተብሎ የክፍሉ ቁልፍ ለእርሳቸው ተሰጠ። አዲስ አበባ ወርደው አጭር ሥልጠና ወስደው ሲመለሱ ቤዚክ የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ይዘው መጡ። ቤዚክ ያኔም አርጅቷል፤ ሌላው ዓለም ትቶት ወደ ሌላ እየተሻገረ ነበር። እርሳቸው ግን ሰው በፊደልና በቁጥር ብቻ ማሽን ማዘዝ እንደሚችል ሲያዩ ልባቸው እዚያው ቀረ። በዚህ ቋንቋ ትእዛዝ የሚጻፈው መስመር በመስመር ነው፤ እያንዳንዱም መስመር በቁጥር ይጀምራል። ዐሥር ይላል፣ ሃያ ይላል፣ ሠላሳ ይላል፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል።

ኮምፒውተሮቹ ለተማሪው አይበቁም፤ መብራቱም ደስ ሲለው የሚመጣ ነበር። ስለዚህ የቅኔ ቤቱ ልጅ በሚያውቁት መንገድ ሄዱ። ተማሪው የሠራውን ፕሮግራም በቃሉ ይይዛል፤ መብራት በጠፋ ቀን እፊታቸው ተቀምጦ ከዐሥር ጀምሮ እስከ መጨረሻው ይወጣዋል። እርሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፤ ሲሳሳት ጠረጴዛውን በጣታቸው መታ ያደርጋሉ። የራሱን ከያዘ በኋላ ደግሞ የአንድ ጓደኛውን ይይዛል። የተጠናቀቀ ፕሮግራም ሁሉ መጀመሪያው ላይ የሠሪውን ስም ከነአባቱና ከነአገሩ፣ መጨረሻው ላይ ተፈጸመ የሚል ቃል እንዲኖረው ያዝዙ ነበር፤ መጽሐፍ የሚያልቀው እንዲህ ነው ይላሉ። ሌሎቹ መምህራን፣ ዕንባቆም ኮምፒውተሩን ዳዊት አደረገው እያሉ ይስቁ ነበር። ሳቁን ሰምተው አብረው ይስቁና ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

ተማሪዎቹም ማንም ሳያዛቸው ጨዋታ መሥራት ጀመሩ። የደባርቅ ልጅ የሆነችው ይመኙሽ ከገብስ ማሳ ላይ ጭላዳ የምታባርር ጠባቂ ሠራች። በስክሪኑ ላይ ገብሱ ጭረት ነው፤ ጭላዳው የላቲን ፊደል ነው፤ የወንጭፉ ድንጋይ ነጥብ ነው። ሆኖም ጭላዳዎቹ ዞረው በኋላ በኩል ሲመጡ ተጫዋቹ ከወንበሩ ብድግ ይላል። አንዱ ገበጣ ሠራ። ሌላዋ በቤተ መንግሥቱ ቅጥር ግቢ የጠፋች ፍየል የምትፈለግበትን ሠራች፤ ፍየሏ በየጊዜው ሌላ ቦታ ስለምትደበቅ ዳይሬክተሩ ሳይቀሩ የምሳ ሰዓታቸውን አሳልፈውባታል። የኔታም አንድ ቀን መጥተው አዩ። የይመኙሽን ጭላዳዎች በጥሞና ከተመለከቱ በኋላ፣ ነገ ደግሞ ሌላ ትሠራለች ወይ ብለው ጠየቁ። ለየኔታ ቅኔ ዛሬ ተነግሮ ዛሬ የሚለቀቅ ነው፤ ነገ የራሱን ይዞ ይመጣል። መምህር ዕንባቆም አባታቸውን ሲቃወሙ ያየነው ያን ቀን ብቻ ነው። እነዚህ ልጆች የሠሩት ሊለቀቅ አይገባም፣ እኔ እይዘዋለሁ አሉ። የኔታም ፈገግ ብለው ወጡ። በ1994 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ይህን ነገር ዳግመኛ አላነሡባቸውም።

በ1997 ዓ.ም. ለማሠልጠኛው አዳዲስ ኮምፒውተሮች ገቡ፤ ቤዚክ ከትምህርቱ ወጣ፤ አሮጌዎቹም ማሽኖች ለብረት ገዢ ሊሸጡ ተቆለሉ። መምህር ዕንባቆም የተማሪዎቻቸውን ጨዋታዎች የያዙትን ዲስኮችና አንድ የሚሠራ ማሽን በጋሪ አስጭነው ወደ ቤት አመጡ። ማሽኑ ብፌ ይቀመጥበት ዘንድ ታስቦ የነበረውን ቦታ ያዘ፤ ወይዘሮ ብርቱካንም ብፌ ሳትገዛ ቀረች። ከዚያ ወዲህ ያ ማሽን ያልደረሰበት ቦታ የለም። ለትምህርት ቤት መዝጊያ ይወጣል፤ ፒያሳ በወዳጃቸው ፎቶ ቤት መስኮት ይታያል፤ አንድ ጊዜማ በእኔ በእኅታቸው ሠርግ ዳስ ውስጥ ተገኝቷል። ወጣቶቹ መጀመሪያ ሲያዩት ይስቃሉ፤ ምስል የለው፣ ድምፅ የለው ይላሉ። እርሳቸው ወንበር ስበው ያስቀምጧቸዋል። ጥቂት ቆይቶ ተራው የኔ ነው፣ የኔ ነው ሲባባሉ ይሰማል። አያ ግን ጨዋታ አይችሉም ነበር። የሁሉንም ሠሪዎች ከነአባታቸውና ከነአገራቸው ያውቃሉ፤ እርሳቸው ሲነኩት ግን ጭላዳው ገብሱን ጨርሶት ይሄዳል።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ዳባት ሲጠጋ የጎንደር ሰው በየቤቱ ተጨነቀ። ያኔ እንደ አባቶቻችን ልማድ ሰው ውድ ዕቃውን በደብሩ ዕቃ ቤት አደራ ያስቀምጥ ነበር። ሌላው ወርቁንና የቤቱን ካርታ ሲያስቀምጥ፣ አያ ዲስኮቻቸውን በካርቶን አድርገው ወሰዱ። ከሁሉ የባሰው፣ ተማሪዎቻቸውን ቅጂ አስቀምጡ ሲሉ የኖሩት ሰው፣ ዋናውንም ቅጂውንም እዚያው አንድ ካርቶን ውስጥ ከተቱት። ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁት አረጋዊ አባት ካርቶኑን በክብር ተቀብለው ከመስቀሎቹ አጠገብ አኖሩት። ጥምቀት ደርሶ ዕቃ ቤቱ ሲጸዳ ዲስኮቹ አቧራ ለብሰው አገኟቸው። አደራ በአቧራ አይመለስም ብለው አንድ በአንድ በውኃ አጠቧቸው፤ ጠበል ረጩባቸው፤ ከዚያም በዐጸዱ የግንብ አጥር ላይ ፀሐይ አሰጧቸው። ሲደርቁ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው አስረከቡ።

መምህር ዕንባቆም ጥቅሉን ፈትተው አዩ፤ የእኒያን አባት ጉልበት ሳሙ፤ እግዜር ይስጥልኝ አሉ፤ ወደ ቤት መጥተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። ውኃውና ፀሐዩ አበላሽተዋቸው ኖሮ ማሽኑ አንዱንም ዲስክ አላነበበም። እኒያ አባት የሆነውን እንዳይሰሙ ቤተሰቡን ሁሉ አስጠነቀቁ። አረጋዊው አባት ባለፈው ዓመት በክብር ሲያርፉ አደራቸውን በንጽሕና እንደመለሱ አምነው ነው፤ ዛሬ ይህን የምንናገረው ስለዚህ ነው።

ያን ሰሞን አያ እህል አልቀምስ አሉ። ወሬው ደባርቅ ደረሰና ይመኙሽ መጣች፤ አሁን የልጆች እናትና የትምህርት ቤት ምክትል ርእሰ መምህር ናት። ሰላምታ ከሰጠች በኋላ እንደ ድሮው እፊታቸው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከዐሥር ጀመረች። ያን ሁሉ ዓመት አልረሳችውም። የሳተችው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እዚያም ላይ አያ ከተኙበት ሆነው አልጋውን በጣታቸው መታ አደረጉ። ከዚያ ተነሥተው ምሳ በሉ።

ቀሪውም በዚሁ መንገድ ተገኘ። አንዱ ከመተማ በስልክ ይወጣል፤ አንዷ ከባሕር ዳር ትመጣለች፤ ባለቤቱ የረሳውን የያዘለት ጓደኛው ያስታውሰዋል። ልጃቸው ዝማሬ እንደ አሮጌው ማሽን በሚሠራ ፕሮግራም በላፕቶፑ ላይ እየጻፈ ያስገባል። በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ ጭላዳዎቹ ወደ ማሳው፣ ፍየሊቱም ወደ ቤተ መንግሥቱ ተመለሱ። አሁን በቴሌግራም ማንም አውርዶ የሚጫወታቸው ሆነዋል፤ እንዲህ ያለውን አሮጌ ጨዋታ የሚሰበስቡ የሌላ አገር ሰዎችም ጽፈው ጠይቀዋል። አያ ለሁሉም አንድ መልስ ነበራቸው፤ ውሰዱት፣ የልጁን ስም ግን አታጥፉት።

ያልተመለሰው የመዝሙር ማኪና ብቻ ነበር። መዝሙር የኮሶዬ ልጅ ነበረ። በጨዋታው አንዲት ማኪና ከጎንደር ተነሥታ ዳገቱን በጉም ውስጥ ትወጣለች፤ ከፊቷ ጥቂት መንገድ ብቻ ይታያል፤ ገደል አለ፣ በጎች አሉ። እርሱ ራሱ ካልሆነ በቀር ኮሶዬ ያደረሳት ሰው አልነበረም፤ አያማ ከከተማው መውጫ አልፈው አያውቁም። የመዝሙርን ጨዋታ በቃሉ ይይዝ የነበረው ጓደኛው ጌታው ነው። ጌታው ከጎንደር አጠገብ ካለ መንደር የመጣ የቤተ እስራኤል ልጅ ነበር፤ ይዞ ሳይጨርስ በ1992 ዓ.ም. ከወላጆቹ ጋር ወደ እስራኤል ሄደ። መዝሙርም ትምህርቱን እንደጨረሰ ሥራ ፍለጋ ወደ ሑመራ ወርዶ በዚያው ዓመት በወባ ሞተ። ጌታው በስልክ ሲገኝ ሁሉንም ወጣው፤ ማኪናዋ ኮሶዬ እስከምትደርስበት ድረስ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሳልይዝ ነው የሄድሁ አለ። አያም መጨረሻውን ከትዝታቸው ሊያወጡት አልቻሉም፤ ተፈጸመ የሚለው ቃል አልተገኘም።

የመዝሙር እናት ወይዘሮ ባንቺአየሁ ዛሬም ኮሶዬ አሉ። ልጃቸው አንድ ቀን መጥቶ፣ እማዬ፣ እዚህ ድረስ የምትመጣ ማኪና ሠርቻለሁ ብሏቸው ነበር። ከሞተ በኋላ ይህን ለጎረቤት ሲናገሩ የሚያምናቸው አላገኙም፤ ሐዘን ነው የሚያናግራት ተባለ። እርሳቸው ግን መናገራቸውን አልተዉም። መምህር ዕንባቆም ይህን ያውቃሉ። እንግዲህ ላፕቶፑን ይዘው ቢሄዱ ምን ነበረበት? ተማሪዎቹ፣ መጨረሻውን እርስዎ ይጻፉለትና ይሂዱ አሏቸው፤ የሌላውን ሰው ቅኔ አሟልቼ በስሙ አልናገርም ብለው እምቢ አሉ። እኔ እኅታቸው ደግሞ፣ እንዳለ ያሳዩአቸው፣ ሴትዮዋ ሰማንያን አልፈዋል ብዬ ተቆጣኋቸው። መልሳቸው አንድ ነበር፦

«ለእናት ግማሽ ልጅ አይታይም።»

እናም መፈለግ ቀጠሉ። ከመዝሙር ጋር አንድ ክፍል የተከራየ፣ አብሮት ሑመራ የወረደ፣ አንድ ቀን እንኳ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ተጠየቀ። ኩላሊታቸው ታምሞ በሳምንት ሁለት ቀን ለእጥበት መመላለስ ከጀመሩ በኋላም ስልኩ ከእጃቸው አልወጣም። አያን በሕይወቴ እንዲህ ሲጨነቁ አላየሁም። ሞትን ሳይሆን፣ ከመዝሙር እናትና ከእኔ አንዳችን ሳንተያይ እንሄዳለን የሚለውን ነበር የሚፈሩት። እንደፈሩትም ሆነ። በሕክምናና በጸበል ሲረዱ ቆይተው ረቡዕ ጥቅምት 26 ቀን 2018 ዓ.ም. ጠዋት፣ በተወለዱ በስልሳ አንድ ዓመታቸው፣ እዚህ ያለው ቤተሰባቸው በተሰበሰበበት ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ወይዘሮ ብርቱካንን፣ ልጆቻቸውን ሕሊናንና ዝማሬን፣ ሦስት የልጅ ልጆችን፣ እኛን አራት ታናናሾቻቸውን፣ እንዲሁም በየአገሩ ተበትነው ዛሬ ለቀብራቸው የተሰበሰቡትን ተማሪዎቻቸውን ትተውልን ሄደዋል።

የሕይወት ታሪካቸው እዚህ ላይ ሊያበቃ ነበር። ነገር ግን ሕሊና ከሐዋሳ እስክትደርስ ሥርዓተ ቀብሩ ለዛሬ በመቆየቱ፣ ትናንት ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ባንቺአየሁ የልጄ መምህር ዐረፉ ሲባል ሰምተው ከኮሶዬ ለቅሶ መጡ። አልቅሰው ከተቀመጡ በኋላ ይመኙሽና ዝማሬ ከእኛ ጋር ተመካከሩ። አያ ያሉትን መሻር ከበደን፤ እኒህን እናት በባዶ መስደድ ደግሞ ባሰብን። በመጨረሻ ይመኙሽ ከጎናቸው ተቀመጠችና ላፕቶፑን ከፈተች። መጀመሪያ የታየውን አነበበችላቸው፤ መዝሙር ይላል፣ የአባቱን ስም ይላል፣ ኮሶዬ ይላል። ወይዘሮ ባንቺአየሁ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉ። ማኪናዋ ተነሣች። ይመኙሽ ከገደሉም ከበጎቹም እያዳነች በጉሙ ውስጥ አወጣቻት። ኮሶዬ ደረሰች፤ መንገዱ ዳር ቆመች። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም፤ ጉሙ ብቻ ነው። ይመኙሽም አንገቷን ደፍታ፣ የቀረው እንዳልተገኘ፣ መምህራችን እስኪሞቱ ድረስ ሲፈልጉት እንደነበር ነገረቻቸው።

ወይዘሮ ባንቺአየሁ ማኪናዋን በጣታቸው እያመለከቱ እንዲህ አሉ፦

«ምነው ልጄ፣ ምን ቀረው? ደርሶ የለ? ከመንገዱ እኛ ቤት ድረስ ማኪና አይገባም፤ ሁልጊዜም እዚህ ወርዶ ነው በእግሩ የሚመጣው።»

ዝማሬ ከመጨረሻው መስመር ቀጥሎ ተፈጸመ ብሎ ጻፈ።

የሰውን ልጅ ሥራና ስም ሳይጥሉ የያዙትን ወንድማችንን፣ የማንንም ስም የማይረሳው አምላክ ዛሬ በስማቸው ጠርቶ ያስገባቸው። ለወይዘሮ ብርቱካንና ለልጆቻቸው፣ ለመላው ቤተሰብ፣ ለተማሪዎቻቸውም መጽናናቱን ይስጥ። አሜን።